ጋኑን ያከበረ፣ ሠሪዋን ያገለለ፦ ሸክላ፣ ርስትና ስም በቢቸናና በሞጣ

(ይህ ጽሑፍ ለተማሪዎችና ለመምህራን በቃል የቀረበ የሕዝብ ገለጻ ግልባጭ ነው። የንግግሩ መልክ በአመዛኙ እንዳለ ተጠብቋል።)



በአማርኛ አንድ ትልቅ ሰው ሲያልፍና ስፍራው ለማይመጥነው ሲሰጥ «ጋኖች አለቁና ምንቸቶች ጋን ሆኑ» ይባላል። ትልቁም ሰው ቢሆን የትንሹን እርዳታ እንደሚሻ ለማስታወስ ደግሞ «ጋን በጠጠር ይደገፋል» እንላለን። ሹም ቢለዋወጥ ኑሮ ካልተለወጠ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ብለን እናሳርጋለን። እነዚህን አባባሎች ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ልብ ብለን ካደመጥናቸው ግን አንድ ነገር እናስተውላለን፤ የዚህ አገር ሰው የሰውን ታላቅነትና ታናሽነት የመዘነው በሸክላ ዕቃ ነው። ታላቁ ሰው ጋን ነው፤ ታናሹ ምንቸት ነው።

የዛሬው ጥያቄዬ ከዚህ ይነሣል። ዕቃውን የታላቅነት ምሳሌ አድርጎ የወሰደ ማኅበረሰብ፣ ያንኑ ዕቃ በእጇ ያበጀችውን ሴት ከጋብቻውና ከማኅበሩ ያራቃት ስለ ምን ነው? ጋኑ በሠርግ ቤት መካከል ተተክሎ ሲከበር፣ ሠሪዋ በዚያው ሠርግ ላይ ዓይኗ የሚፈራ እንግዳ የሆነችው እንዴት ነው?

ጥያቄውን የማነሣው በምሥራቅ ጎጃም፣ በተለይም በቢቸናና በሞጣ አካባቢ ላይ ቆሜ ነው። ይሁን እንጂ መልሱ በአንድ አውራጃ ወሰን ውስጥ ተሟልቶ ስለማይገኝ፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ አክሱምና አልፎ አልፎም ወደ ውጭው ዓለም እወስዳችኋለሁ። መከራከሪያዬን አስቀድሜ ልናገር፤ ሸክላ ሠሪዋን ያዋረዳት ጭቃው አይደለም። ንቀቱ የተወለደው ከመሬት ሥሪት ነው፤ የኖረው በጋብቻ ነው፤ ዛሬም የሚጠበቀው ስሟን ባለመጻፋችን ነው።

ስለ ጭቃው

ብዙ ጊዜ ስለ ሸክላ ሥራ የሚጻፈው ሠሪዋ «በልማድ» የምትሠራ፣ ዕውቀቷም እንደ ትንፋሽ ያለ ትምህርት የመጣላት በሚያስመስል አኳኋን ነው። ስለዚህ በታሪክ ከመጀመሬ በፊት ስለ ዕውቀቱ ጥቂት ማለት ይገባኛል።

ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ ወዲህ በተንጣለለው የጎጃም አምባ ላይ ይገኛሉ። የአምባው ዐለት በአብዛኛው ባዛልት ነው። ባዛልት በዘመናት ብዛት ሲፈራርስ ከሚሰጠን አፈር አንዱ ገበሬው ዋልካ ወይም መረሬ የሚለው ጥቁር አፈር ነው። ይህ አፈር ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኮማተር የሸክላ ማዕድን በብዛት ይዟል። ገበሬው ይህን ጠባይ በክረምት ውሃ በሚያቁረው ማሳው፣ በበጋ ደግሞ እግር በሚያስገባው ስንጥቅ ያውቀዋል። ሸክላ ሠሪዋም በራሷ መንገድ ታውቀዋለች፤ እንዲህ ያለው አፈር ብቻውን ከተበጀ ጥላ ውስጥም ቢቀመጥ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና።

መላው ቅይጥ ነው። አፈሩ ይቆፈራል፣ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያም እንደ ጠባዩ አሸዋማ አፈር ወይም የደቀቀ ገል ይገባበትና በእጅና በእግር ይታሻል። ገሉ ወይም አሸዋው እንደ ጭቃው ስለማያብጥና ስለማይኮማተር ሥጋውን ይይዘዋል፤ ውሃውም የሚወጣበት ቀዳዳ ያገኛል። ስብርባሪው ገል ለአዲሱ ዕቃ አጥንት ይሆናል ማለት ነው። ቅይጡ ለሁሉም ዕቃ አንድ ዓይነት አይደለም። ምጣድ በየጊዜው ግማሽ ጎኑ በእሳት ግማሽ ጎኑ በቀዝቃዛ ሊጥ ስለሚመታ ሻካራ ቅይጥ ይፈልጋል፤ ጀበና ግን ቀጭንና ልዝብ መሆን አለበት።

ዕቃው የሚበጀው ያለ መንኰራኩር ነው። ሠሪዋ ጭቃውን እያሳደገች ዕቃውን ትዞረዋለች፤ ዕቃው በሚዞርበት አገር እርሷ ራሷ መንኰራኩር ናት። ከደረቀ በኋላ በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል፤ በመጨረሻም በእንጨት፣ በኩበትና በገለባ ተከቦ በሜዳ ላይ ይተኰሳል። እንዲህ ያለው የሜዳ እሳት አብዛኛውን ጊዜ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይደርሳል። ከ500 ዲግሪ አልፎ በማዕድኑ ውስጥ የታሰረው ውሃ ሲወጣ ጭቃው ተመልሶ ጭቃ ሊሆን አይችልም። ሠሪዋ የሙቀት መለኪያ የላትም፤ የእሳቱን ቀለም ታያለች፣ የዕቃውን ድምፅ ታዳምጣለች። በገበያ የሚመጣ ገዢም ቢሆን ጀበናውን በጣቱ አንኳኩቶ ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰማ አይገዛም። ከገዛው በኋላ ደግሞ በቤቱ ያሟሸዋል፤ ምጣዱን በጎመን ዘር እየወለወለ እስኪለሰልስ ድረስ ያሰማምረዋል።

ይህን ሁሉ ያልኩት ለጌጥ አይደለም። ከተማው በኤሌክትሪክ ምጣድ ሲጋግር እንኳ የጋለው ሽቦ የሚቀበረው በሸክላ ሰሌዳ ውስጥ ነው። ጀሪካን እንስራን ከሴቶች ጀርባ አውርዷል፤ የብረት ድስት ማሰሮውን ከምድጃው አንሥቷል። ለእንጀራ ግን ከሸክላ የተሻለ ፊት እስከ ዛሬ አልተገኘም። እንግዲህ የምንናገረው ስለ አንድ የሞተ ሙያ ሳይሆን በየቀኑ ስለምንበላበት ሙያ ነው።

ርኩሰቱ ከጭቃው ቢሆን ኖሮ

አንዳንድ ሰዎች የንቀቱን ምክንያት በሥራው ጠባይ ውስጥ ይፈልጉታል፤ ጭቃ ያቆሽሻል፣ እሳት ያስፈራል፣ አፈርን ወደ ሌላ ነገር የሚለውጥ ሰው ምሥጢር ያለው ይመስላል ይላሉ። ይህ አስተያየት በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ስለ አንጥረኞች በተጻፉ ጥናቶችም ተደጋግሞ ይታያል። ለእኛ አገር ግን የሚበቃ ሆኖ አላገኘሁትም።

አንደኛ፣ የአገራችን የሸክላ ታሪክ በውርደት አይጀምርም። በአክሱም አቅራቢያ ሐውልቲ በተባለው ስፍራ ከአክሱም መንግሥት በፊት ለነበረ ቤተ አምልኮ የተሰጡ የሸክላ በሬዎችና የቤት አምሳያዎች በቁፋሮ ተገኝተዋል። ከራሱ ከአክሱምም አንገታቸው በሰው ራስ አምሳል የተቀረጸ ማሰሮዎች ወጥተዋል፤ የፀጉሩ ሹሩባ ሳይቀር በጥንቃቄ ተሠርቷል። ይህ ሥራ የተቀመጠው በመቅደስና በመቃብር ነው። የተናቀ እጅ ያበጀውን ዕቃ ማንም ለአምላኩና ለሙታኑ አይሰጥም፤ ወይም ቢያንስ ሸክላው ራሱ ርኩስ አልነበረም።

ሁለተኛ፣ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አዳም ከምድር አፈር የተበጀ ነው፤ በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 18 ደግሞ ነቢዩ የእግዚአብሔርን ፈቃድ እንዲረዳ የተላከው ወደ ሸክላ ሠሪ ቤት ነው። ከቢቸና ብዙም የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ የቅኔና የመጻሕፍት ትምህርት የተስፋፋበት ታላቅ ደብር ነው። በእንዲህ ያሉ ጉባኤዎች ፈጣሪ በሸክላ ሠሪ ተመስሎ ለዘመናት ተተርጉሟል። ምሳሌው ተከበረ፤ የምሳሌው ባለቤት ግን አልተከበረችም።

ሦስተኛና ዋነኛው፣ መገለሉ ዕቃውን አይነካም። ቡዳ ናት ተብላ ዓይኗ ከሚፈራው ሴት የተገዛው ድስት ወጥ ይሠራበታል፤ ጋኑ ጠላ ይጠመቅበታል። ርኩሰቱ በጭቃው ውስጥ ቢሆን ኖሮ ከጭቃው ጋር ወደ ቤት ይገባ ነበር። የሚፈራው ሰውየው እንጂ ዕቃው አይደለም። ስለዚህ ምክንያቱን በሰዎች መካከል ባለው ግንኙነት ውስጥ መፈለግ ይገባናል።

ርስት የሌለው እጅ

በጎጃም ሰው ማን እንደሆነ የሚታወቀው በርስቱ ነበር። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ አጥኚ አለን ሆበን በዳሞት ባደረጉት ምርምር ላይ ተመሥርተው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት መጽሐፍ እንደሚያስረዳው፣ ርስት አንድ የተከለለ ማሳ ብቻ አልነበረም። በአባትም በእናትም ወገን ከመጀመሪያው አቅኚ አባት ተቈጥሮ የሚመጣ የይገባኛል መብት ነበር። ይህ ማለት አንድ ሰው ከስንት አያቶች እንደ ተወለደ መናገር ከቻለ፣ በዚያው መጠን በስንት ስፍራ መሬት ሊጠይቅ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ጋብቻ የሁለት ወጣቶች ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የልጅ ልጆች የመሬት ክርክር መነሻ ነበር። ዘር መቍጠር ለጌጥ አልነበረም፤ እንጀራ ነበር።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ርስት የሌለው ሰው ምን ይሆናል? በሰው መሬት ላይ በእርቦ ወይም በሲሶ ያርሳል፤ አለዚያም መሬት የማይጠይቅ ሙያ ይይዛል። ሽመና፣ አንጥረኝነትና ሸክላ ሥራ እንዲህ ያሉ ሙያዎች ናቸው። ሸክላ የሚፈልገው አንድ ጉድጓድ አፈርና አንድ ሸክም ማገዶ ብቻ ነው።

ይህ ቅደም ተከተል በቤተ እስራኤል ታሪክ ውስጥ በግልጽ ይታያል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ግን መሬት አልባ ይሁን የሚል ትእዛዝ እንደሰጡ ትውፊቱ ያስረዳል። ጄምስ ኪሪንና ስቲቨን ካፕላን እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሟቸው መጻሕፍት በዝርዝሩ ቢለያዩም፣ ሕዝቡ ወደ እጅ ሥራ የገፋው ከመሬት መብት በመነቀሉ መሆኑን አጕልተው ያሳያሉ። ወንዶቹ ብረት ቀጠቀጡ፣ ግንብ ገነቡ፤ ሴቶቹ ሸክላ ሠሩ። መሬት ማጣቱ ቀደመ፣ ሙያው ተከተለ፣ ስድቡም ከሙያው በኋላ መጣ።

ሃይማኖት ነው ምክንያቱ የሚል ሰው ቢኖር፣ በአማራው አገር ክርስቲያን ሆነው፣ በዚያው ደብር ታቦት እየተሳለሙ፣ በዚያው ቋንቋ እየተናገሩ የተገለሉ ሸክላ ሠሪዎችና አንጥረኞች እንዳሉ ማስታወስ ይበቃል። ሮናልድ ሬሚኒክ ስለ መንዝ እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት ጽሑፍ፣ ቡዳ ናቸው የሚባሉት ባለ እጆች ርስት የሌላቸው ጥገኞች መሆናቸውን አስተውለዋል። ርስተኛው ወንድሙን በመሬት ይከሳል፤ መሬት የሌለውን ጎረቤቱን ደግሞ በዓይኑ ይከሳል። ሌሊት ጅብ ይሆናል የተባለው ሰው ቀን ቀን የሚያርሰው ማሳ አልነበረውም።

የጋፋት ማስረጃ

እስካሁን ያልኩትን የሚፈትን አንድ ታሪክ ከሞጣ ማዶ፣ ከዓባይ ባሻገር ይገኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት የውጭ አገር ሚስዮናውያንን ሰብስበው መድፍ አስቀልጠዋል፤ ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ የተሠራው እዚያ ነው። እነዚህ ሰዎች ሥራቸው እሳትና ብረት ነበር። በአገሩ ልማድ «ጠይብ» የሚያሰኝ ሥራ ማለት ነው። ነገር ግን ማንም ቡዳ አላላቸውም። ከእነርሱ አንዱ የነበረው ቴዎፍሎስ ዋልድማየር የንጉሠ ነገሥቱ ባለሟል የነበረውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ አገባ፤ የልጅቱ እናት ኢትዮጵያዊት ነበረች።

እሳቱ አንድ ነው፣ ብረቱም አንድ ነው። ከሩቅ አገር የመጣው አንጥረኛ የባለሟል ልጅ አገባ፤ የአገሩ አንጥረኛ ግን የጎረቤቱን ልጅ መጠየቅ አይችልም ነበር። ልዩነቱ በሥራው ላይ ሳይሆን፣ አገሬው ለሠሪው በሰጠው ዘርና ስም ላይ ነው። ሸክላም ከዚህ የተለየ ሕግ የለውም።

ሁለት አዋጆችና አንድ አመፅ

መንግሥት ይህን ንቀት ለማስወገድ አልሞከረም ማለት አይቻልም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ፣ ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ሌላውንም ባለ ሙያ በሥራው መስደብ አገርን ከጥበብ የሚያራቁት መሆኑን ገልጸው ከለከሉ። አዋጁ ትልቅ ነገር አይቷል፤ የአገር ድህነት ከስድብ ጋር የተያያዘ መሆኑን አይቷል። ይሁን እንጂ የከለከለው አፍን ነው። አፍ ዝም ቢል እንኳ ርስቱ በነበረበት ነበር።

ርስት በእነዚህ ሁለት ከተሞች ምን ያህል ክብደት እንደ ነበረው በ1960 ዓ.ም. ታየ። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴ ሊነጠቅ ነው ብሎ ተነሣ። ሞጣና ቢቸና ከአመፁ ዋና ዋና ማዕከላት መካከል ነበሩ። መንግሥት ጦር ላከ፣ በአውሮፕላንም ደበደበ፤ በመጨረሻም ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፣ ግብሩም በተግባር ሳይሰበሰብ ቀረ። የአገራችን የገበሬ ንቅናቄ ታሪክ ይህን ትግል በክብር ያነሣዋል፤ ይገባዋልም። እኔ የምጨምረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ሰው ስለ ርስቱ ሲሞት በምናይበት አገር፣ ርስት የሌለው ሰው ከማን ጋር ይቈጠራል? የሚለካ መሬት ያልነበራት ሸክላ ሠሪ በዚያ ትልቅ ታሪክ ውስጥ ስፍራ የላትም።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት የሚያደርገው አዋጅ ቍጥር 31 ወጣ። አዋጁ በግሉ ሊያርስ የሚፈልግ ማንኛውም ሰው፣ ያለ ጾታ ልዩነት፣ እስከ 10 ሄክታር መሬት ሊሰጠው እንደሚችል ደነገገ። ርስት በሕግ አከተመ። በእኔ መከራከሪያ መሠረት ንቀቱም አብሮ ማክተም ነበረበት። ግን አላከተመም። ዛሬም ሸክላ ሠሪ ቤት ልጅ የሚያጋቡ ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ቡዳ የሚለውም ቃል ከአፍ አልወጣም።

ይህ ለመከራከሪያዬ ከባዱ ፈተና ነው፤ ልሸሸውም አልፈልግም። መልሴ እንዲህ ነው። ርስት ሁለት ነገር ነበር፤ መሬትና ዘመድ። አዋጁ መሬቱን ከዘመድ ለየና መሬቱን አከፋፈለ። ዘመድነቱን ግን ማንም አዋጅ ሊያከፋፍለው አይችልም። ለብዙ መቶ ዓመታት ከርስተኛ ጋር ያልተጋባ ቤተሰብ፣ መሬት ካገኘም በኋላ የሚጠራው አቅኚ አባት፣ የሚያስታርቀው አጎት፣ በሠርጉ የሚቆምለት የአክስት ልጅ በዚያ ቀበሌ የለውም። ጋብቻው የተዘጋው ለመሬቱ ጥበቃ ነበር፤ መሬቱ ሲሄድ ጋብቻው እንደ ተዘጋ ቀረ። ቤቱ ፈርሶ በሩ ብቻ ቆሟል ብንል ይቀላል። ንቀት የተነሣበት ምክንያት ሲጠፋ እርሱ ወዲያው አይጠፋም፤ የሚኖርበት ሌላ ቤት ይፈልጋል፤ ሸክላ ሠሪዋን በተመለከተ ይህን ቤት በጋብቻ ውስጥ አግኝቷል።

ከወለቃ ምን እንማራለን?

ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ የምትገኘው ወለቃ ለዚህ ንጽጽር ታስፈልገናለች። የቤተ እስራኤል ሴቶች በዚያ ለቤት አገልግሎት ከሚውለው ዕቃ አልፈው ትንንሽ የሸክላ ምስሎችን ለጎብኚዎች ይሠሩ ነበር፤ አንበሳ፣ ልጅ ያዘለች ሴት፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ። ሕዝቡ እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1985 በነበረው ጉዞና በግንቦት 1991 በሁለት ቀን ከ14000 በላይ ሰዎችን በወሰደው በረራ ወደ እስራኤል ሄደ። ከዚያ በኋላ ሙያው አልጠፋም፤ ክርስቲያን ጎረቤቶች ያንኑ ምስል እየሠሩ ለጎብኚ መሸጥ ቀጠሉ፤ ሴቶች የሚሠለጥኑበት ማዕከልም ተቋቋመ።

እነሆ ሁለት ነገር ተፈጸመ። ትናንት የሚያስነውረው ሥራ፣ ገዢው ሲለወጥ፣ ሌላው ሰው ሊይዘው የሚፈልገው ሥራ ሆነ። ሁለተኛም፣ እንስራ ስትሠራ «ሸክላ ሠሪ» የነበረችው ሴት አንበሳ ስትሠራ ጥበበኛ ተባለች። ቢቸናና ሞጣ በጎብኚዎች መንገድ ላይ ስላልወደቁ እንዲህ ያለው ገዢ አልመጣላቸውም። ጋናቸውና ምጣዳቸው ከአንበሳው ያነሰ ዕውቀት የሚጠይቅ ሆኖ ግን አይደለም።

ጭቃ ያልሆነው ጭቃ

አሁን ወደ ዘመናችን ልምጣ። በከተማ ወጣቶች ዘንድ ፖሊመር ክሌይ በሚባል ነገር ጌጣጌጥና ትንንሽ ቅርጻ ቅርጽ መሥራት ተወዳጅ እየሆነ ነው። ስሙ ክሌይ ይባል እንጂ አፈር የለበትም ለማለት ይቀላል፤ መሠረቱ ፖሊ ቪኒል ክሎራይድ፣ በአጭሩ ፒ.ቪ.ሲ. የተባለው ፕላስቲክ ነው፤ ማለስለሻ ፈሳሽና ቀለም ይጨመርበታል። ውሃ ስለሌለው አይደርቅም፣ እምብዛም አይኮማተርም። ከ110 እስከ 130 ዲግሪ ባለው የወጥ ቤት ምድጃ ውስጥ የፕላስቲኩ ቅንጣቶች ተዋሕደው ይጠነክራሉ። ከልክ በላይ ከጋለ ግን ጎጂ ጋዝ ያወጣል፤ ለምግብ ዕቃም አይሆንም። ስለዚህ ከጋንና ከምጣድ ጋር ሊወዳደር አይችልም፤ የሚወዳደረው ከዶቃና ከምስል ጋር ነው።

እዚህ ላይ የአማርኛ ቋንቋ ከእኛ የቀደመ መሆኑን ልብ በሉ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጀርመን አገር ድምፃቸውን ካስቀረጹ ወዲህ፣ ሙዚቃ የሚቀረጽበትን ዝርግ ክብ «ሸክላ» ስንለው ኖረናል። የኋላዎቹ የሙዚቃ ሸክላዎች የተሠሩት ከዚያው ከፒ.ቪ.ሲ. ነው። አማርኛ ፕላስቲክን ሸክላ ብሎ የጠራው ፖሊመር ክሌይ አገር ውስጥ ከመግባቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ነው ማለት ይቻላል። የሙዚቃው ሸክላ ባለቤቶቹን አላዋረደም፤ እንዲያውም አስከበረ።

የፖሊመር ክሌይም ታሪክ ለእኛ ትምህርት አለው። በ1930ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ.፣ በጀርመን የታወቀችው የአሻንጉሊት ሠሪ ኬተ ክሩዘ ለአሻንጉሊት ራስ የሚሆን ነገር ስትፈልግ ይህን መሰል ውሕድ አገኘች። ለእርሷ ሥራ አልተመቸም፤ በቤት ውስጥ ፊፊ ተብላ የምትጠራው ልጇ ግን ተጫወተችበት፣ አሻሻለችው፣ በ1950ዎቹም በራሷ ስም ሸጠችው። በ1960ዎቹ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ኩባንያ ገዝቶ ፊሞ ብሎ ሰየመው። የስሙ የመጀመሪያ ክፍል የመጣው ከፊፊ ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያንን እሽግ የሚገዛ ሰው ሁሉ፣ ባያውቀውም፣ የአንዲት ሴትን የቤት ስም ይጠራል።

ይህን ከቢቸና ገበያ ጋር አነጻጽሩት። የከተማዋ ወጣት ጭቃውን በመዳፏ ስታድበለብል፣ እንደ ገመድ ስታሳድግ፣ በለስላሳ ነገር ስታሽ የምታደርገው እንቅስቃሴ ሸክላ ሠሪዋ ከምታደርገው እምብዛም አይለይም። አንዷ ግን ዲዛይነር ትባላለች፣ በሥራዋ ላይ ስሟን ትጽፋለች፤ ሌላዋ ስሟ ሊጻፍ ቀርቶ ሊጠራ ይፈራል። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ቢሆን የቅርጻ ቅርጽ ተማሪ ትምህርቱን የሚጀምረው ጭቃ በመያዝ ነው፤ ሲመረቅ ቀራፂ ይባላል። ወጣቷንም ተመራቂውንም አልነቅፍም፤ ክብራቸው ይገባቸዋል። የማሳየው ነገር ቢኖር፣ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ጭቃ መንካት ሊከበር እንደሚችል አይተናል። ከተቻለ ደግሞ ለሁሉም ይቻላል።

ምን ይጠበቅብናል?

የታሪክ መምህር ምክር ሲሰጥ ቍጥብ መሆን ይገባዋል። ሦስት ነገሮች ግን በእጃችን ያሉ ስለሆኑ ልናገር።

የመጀመሪያው ስም መጻፍ ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችንም ሆነ በየባህል ማዕከሉ የሸክላ ዕቃ ስንሰበስብ የአገሩን ስምና የዕቃውን ስም ጽፈን አንቁም። ሠሪዋ ፈቃደኛ ከሆነች ስሟ ከሥሩ ይጻፍ፤ አፈሩን ከየት እንዳመጣች፣ ምን እንደቀየጠችበት፣ ከማን እንደተማረች ይመዝገብ። ፈቃደኛ ካልሆነችም ለምን እንዳልፈለገች መረዳት ራሱ ጥናት ነው።

ሁለተኛው የቃል ታሪክ ነው። ርስተኛው ዘሩን እስከ አቅኚ አባቱ ድረስ ሲቈጥር ታሪክ ጸሐፊ ሰምቶታል። የሸክላ ሠሪዎችም ቤተሰብ የሚቈጥረው ዘር፣ የተሰደደበት መንገድ፣ ከአፈር ጉድጓድ ጋር የተያያዘ የመብት ክርክር አለው። የ1967ቱ አዋጅ ሲወጣ መሬት ማን አገኘ፣ ማንስ ሳያገኝ ቀረ የሚለውን የሚነግሩን ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። ጋኖቹ ሳያልቁ ልንጠይቃቸው ይገባል።

ሦስተኛው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ላላችሁ ተማሪዎች ነው። ከእናንተ መካከል የትምህርት ቤት ወጪው በእናቱ ጀበናና ምጣድ የተሸፈነለት፣ ነገር ግን የእናቱን ሙያ ለመኝታ ክፍል ጓደኛው ያልተናገረ ሰው ሊኖር ይችላል። ተናገር ብዬ አላስገድደውም፤ የመናገር ዋጋው የሚከፈለው በእርሱ እንጂ በእኔ አይደለም። ለሌሎቻችሁ ግን አንድ ነገር እላለሁ። ዋጋውን ያስወደድነው እኛ ነን፤ ልናረክሰው የምንችለውም እኛው ነን። ንቀት በመሬት ተወልዶ በጋብቻ ከኖረ፣ ፍጻሜው የሚመጣው በአዋጅ ሳይሆን በየቤቱ፣ ወላጅ «የማን ልጅ ናት?» ብሎ ሲጠይቅ በምትሰጡት መልስ ነው።

 ጥያቄና ተቃውሞ ካላችሁ፣ በተለይ ስለ 1967ቱ አዋጅ ባልኩት ላይ፣ ለመስማት ዝግጁ ነኝ።